የእንግሊዝ የኬር ቪዛ ተዘግቷል፤ የነርስ መንገድ ግን አለ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የመንዝ መሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። በነርሲንግ ዲግሪ ይዤ አሁን ደብረ ብርሃን በአንድ የግል ክሊኒክ እሠራለሁ። ደመወዙ ከቤት ኪራይ አያልፍም። አንድ ሰው በኬር ወርከር ቪዛ እንግሊዝ እልክሻለሁ ብሎ 900 ሺህ ብር ጠየቀኝ፤ ግማሹ ቅድሚያ ነው። አባቴ በጎቹንና ባሕር ዛፉን ሊሸጥልኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ለአባትሽ ደውዪና ባሕር ዛፉን እንዳይሸጡ ንገሪያቸው። ይሄን ከዚያ በኋላ ታነቢዋለሽ።

ሰውዬው ሊሸጥልሽ የፈለገው ቪዛ አሁን የለም። እንግሊዝ አረጋውያንንና ሕሙማንን ለሚንከባከቡ ሠራተኞች ትሰጠው የነበረውን ቪዛ፣ ከውጭ ለሚያመለክት አዲስ ሰው ከሐምሌ 15 ቀን 2017 ጀምሮ ዘግታለች። ከዚያ በፊትም መጥበብ ጀምሮ ነበር። ከመጋቢት 2016 ወዲህ በዚህ ቪዛ የሚሄድ አዲስ ሰው ባል ወይም ሚስት፣ ልጅም ቢሆን ይዞ መሄድ አይችልም። ቀድመው እዚያ ገብተው ቅድመ ሁኔታውን ያሟሉ ሰዎች ግን ለጊዜው ቪዛቸውን መቀየር ይፈቀድላቸዋል። «እከሊት ባለፈው ወር አገኘች» የሚለው ወሬ ከእነሱ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይሄን ስትነግሪው «ችግር የለም፣ በጉብኝት ቪዛ ትገቢና እዚያ ይቀየራል» ይልሽ ይሆናል። አይቀየርም። በጉብኝት ቪዛ የገባ ሰው እዚያው ሆኖ ወደ ሥራ ቪዛ መዛወር አይችልም።

ወይም ደግሞ «የስፖንሰርሺፕ ሰርተፊኬት ገዝቼልሻለሁ» ይልሻል። ሰርተፊኬቱ ቀጣሪው ለአንድ ሠራተኛና ለአንድ ሥራ ብሎ የሚያወጣው ነው፤ አይሸጥም። ክፍያውም የቀጣሪው ነው። ከታኅሣሥ 2017 ወዲህ ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ ያወጣውን ይህን ወጪ ከሠራተኛው ላይ መልሶ መውሰድ ተከልክሏል። ሠራተኛ ከውጭ የማስመጣት ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ዝርዝር በእንግሊዝ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ጠይቂው። ካልነገረሽ ነገሩ እዚያው አለቀ። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ቢገኝ እንኳ ለድርጅቱ ራስሽ ጻፊ፤ በሰው ስም የሚነግድ ብዙ ነው። ሐሰተኛ ወረቀት ከገባ ደግሞ ለ10 ዓመት በሩ ሊዘጋ ይችላል፤ የሚዘጋውም በአንቺ ላይ እንጂ በደላላው ላይ አይደለም።

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ዲግሪ ያለሽ ነርስ ሆነሽ ለምን በተንከባካቢ ቪዛ ትሄጃለሽ? የነርስ መንገድ እኮ አልተዘጋም። አዲሱ ደንብ ሥራው በዲግሪ ደረጃ እንዲሆን ይጠይቃል፤ ነርስነት ይሄን ያሟላል። ሰው ሁሉ የሚያወራለት የ41,700 ፓውንድ ደመወዝ ወለልም በብሔራዊ የደመወዝ ስኬል የሚከፈላቸውን ነርሶች አይመለከትም።

መንገዱ ግን ረጅም ነው። በመጀመሪያ በእንግሊዝ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት ለመመዝገብ ማመልከት አለብሽ። ለዚህ አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ትፈተኛለሽ፤ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ያስፈልግሻል። ቀጥሎ በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና አለ። የተግባሩን ፈተና የምትወስጂው እዚያው እንግሊዝ ነው።

አሁን ደላላው የማይነግርሽን ልንገርሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት የከፋባቸውን 55 አገሮች ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያም አለችበት። በእንግሊዝ የምልመላ ደንብ መሠረት ቀጣሪም ሆነ ኤጀንሲ ከእነዚህ አገሮች የጤና ባለሙያ ሄዶ መመልመል የለበትም። ነርሷ በራሷ ሥራ ፈልጋ በቀጥታ ብታመለክት ግን አይከለከልም። እንግዲህ «ሆስፒታሉ ነርስ እንድመለምል ልኮኛል» የሚል ሰው ወይ ይዋሻል ወይ ደንብ እየጣሰ ነው። መንገዱ ያለ ደላላ የሚኬድ ነው ማለት ነው።

ጀርመንም ቢሆን ከዚሁ ዝርዝር አገሮች የግል ኤጀንሲ ነርስ እንዲመለምል አትፈቅድም፤ በራስ ማመልከት ግን ይቻላል። እዚያ ትልቁ ፈተና ቋንቋው ነው። በነርስነት ሙሉ እውቅና ለማግኘት በአብዛኛው ቢ2 ደረጃ (ከመካከለኛ ከፍ ያለ) ጀርመንኛ ይጠየቃል። ከዜሮ ከምትጀምሪ የያዝሽውን እንግሊዝኛ ብታጠነክሪ ይሻልሻል ባይ ነኝ።

መንዝ ውስጥ ያለ ጤና ጣቢያ ነርስ እንደሚያስፈልገው እያወቅሁ ይሄን ስጽፍ ደስ አይለኝም። ቢሆንም ኑሮው ያንቺ ነው፣ ውሳኔውም ያንቺ።

ከክሊኒኩ አትውጪ። ቀጣሪ ልምድ ይጠይቃል፤ የሥራ ልምድ ደብዳቤሽ የክፍሉንና የሥራውን ዓይነት በግልጽ ይጻፍበት። ቴምፖሽን፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽንና የሙያ ፈቃድሽን ከአሁኑ አዘጋጂ፤ በሁሉም ላይ የስምሽ ፊደል ከፓስፖርትሽ ጋር አንድ ይሁን። ይሄ ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ሰው ያንከራትታል። አይኤልትስ ለመፈተን አትቸኩዪ፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው። መጀመሪያ የልምምድ ፈተናዎችን ቤትሽ ሥሪ። የመጻፍ ነጥብሽ 6.5 ሲደርስ ብር ብታወጪበት አይቆጭሽም።

ቅድሚያውን ከፍለሽ ከሆነ ደግሞ የባንክ ደረሰኙንና የቴሌግራም መልእክቶቹን አታጥፊ፤ ይዘሻቸው ፖሊስ ጋ ሂጂ። ፓስፖርትሽ እሱ እጅ ካለ ነገ ዛሬ ሳትዪ ተቀበዪው።