ሞተሩ የሚሞቀው መቼ ነው? የአሮጌ ናፍጣ መኪና ባለቤቶች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሚሞቅ ሞተር ናቸው። ራዲያተር ቀየርኩ፣ የውሃ ፓምፕ ቀየርኩ፣ ክዳን ቀየርኩ የሚሉ በዝተዋል። ሞተሩ መቼ እንደሚሞቅ የነገሩኝ ግን ጥቂቶች ናቸው። ዳገት ላይ ነው? ትራፊክ መብራት ላይ ቆሞ ነው? ወይስ ገና ተነስቶ 10 ደቂቃ ሳይሞላው? ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስተውሉልኝ።

ጥያቄ፦ ባለ 5ኤል ሞተር ሃይሉክስ አለኝ። ከተማ ውስጥ ምንም አይለውም። የዓባይን በረሃ ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ ግን ጌጁ (የሙቀት መለኪያው) ወደ ቀይ ይጠጋል፤ ሜዳ ስይዝ ይመለሳል። መካኒኩ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይውረድ ይላል።

መልስ፦ ቴስታታውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ዳገት ላይ ብቻ የሚሞቅና ሜዳ ላይ በራሱ የሚበርድ ሞተር ብዙውን ጊዜ ችግሩ ሙቀቱን ማስወጣት አለመቻሉ ነው። ከድልድዩ እስከ ደጀን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወጣሉ። ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ መኪናው በዝግታ ስለሚሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ አነስተኛ ነው፤ ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ደጀን ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

መጀመሪያ የፋን ክላቹን (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) ይዩ። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በእጅዎ ሲያዞሩት ሊከብድዎት ይገባል። ያለ ምንም ተቃውሞ እየተንከባለለ የሚዞር ከሆነ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል ማለት ነው። ፊቱ ላይ አቧራ የጠጣ ጥቁር ቅባት ካለም ያው ምልክት ነው። ቀጥሎ ቺንጋው (ፋኑን የሚያዞረው ቀበቶ) እንዳይንሸራተት ውጥረቱን ይፈትሹ።

ከዚያ ወደ ራዲያተሩ ይሂዱ። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው ፊቱን ቦታ በቦታ በጥንቃቄ ይዳስሱ። አንዱ ቦታ ትኩስ፣ አጠገቡ ያለው ቀዝቃዛ ከሆነ እዚያ ያሉት ቱቦዎች ተደፍነዋል። ራዲያተር ሠሪ ዘንድ ወስደው የላይኛው ሣጥን ተከፍቶ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ይጠረጉ። ኮስቲክ ሶዳ ይጨመርበት የሚል ካለ አይስሙት፤ አሉሚኒየም የሆነውን ሁሉ ይበላል። ውጫዊ ክንፎቹ ላይ የተጣበቀውን ጭቃና ነፍሳት ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በቀስታ በሚወርድ ውሃ ማጠብም አይርሱ። እስኪስተካከል ድረስ ዳገቱን ዝቅ ባለ ማርሽ ይውጡት፤ ፋኑም ፓምፑም በፍጥነት ይዞራሉ።

ጥያቄ፦ ሚኒባሴ ሲሞቅብኝ ቴርሞስታቱን (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አስወጣሁት። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ነበር፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ያጨሳል፣ ናፍጣም ጨምሯል፣ ረጅም ዳገት ላይ ደግሞ አሁንም ይሞቃል። አዲስ ገዝቼ ቤት ውስጥ በድስት ሳፈላው በደንብ አልተከፈተም። የተበላሸ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በየጋራዡ እንደ መድኃኒት ስለሚታዘዝ። ናፍጣ ሞተር በደንብ ሲሞቅ ነው ናፍጣውን ጥርግ አድርጎ የሚያቃጥለው። ቀዝቅዞ ሲሠራ ጭስ ይበዛል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩም ያለ ጊዜው ይበላል። ዳገት ላይ መሞቁን ያልተወውም በዚሁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ብዙ የጃፓን ናፍጣ ሞተሮች ቴርሞስታታቸው ከታች ሁለተኛ ክዳን አለው። ዋናው ሲከፈት ይህኛው ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን አቋራጭ ይዘጋል። ቴርሞስታቱን ሲያወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ ከትኩሱ ውሃ ከፊሉ ሳይበርድ ተመልሶ ይገባል።

አሁን ወደ ድስቱ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ 90 ገደማ። የእርስዎ ቴርሞስታት 82 የሚል ከሆነ 82 ላይ መከፈት ይጀምራል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ድስትዎ ደግሞ ምንም ቢፈላ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ መፈተሽ ያለብዎት ሲጀምር ነው። ቴርሞስታቱን የድስቱን ታች እንዳይነካ በክር አንጠልጥለው፣ ቴርሞሜትር ከጎኑ አድርገው ቀስ ብለው ያሙቁት። ከ80 እስከ 84 ባለው ውስጥ መላቀቅ ከጀመረ፣ ሲፈላ በግልጽ ከተከፈተና ሲበርድ መልሶ ከገጠመ ደህና ነው። ሲገጥሙት ትንሿ የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፤ አለዚያ አየር ይታፈናል።

ጥያቄ፦ ላንድክሩዘሬ በየሁለት ሦስት ቀኑ ውሃ ይጠጣል። ከሥሩ ግን አንድ ጠብታ አላይም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳይንጠባጠብ የሚጠፋ ውሃ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚያፈስና መሬት ሳይደርስ የሚተን ነው። የውሃ ፓምፑ ሥር ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ፣ የጎማ ቱቦዎቹን አንገት፣ የካቢን ማሞቂያውንና ከሥሩ ያለውን ምንጣፍ ይዩ፤ የደረቀ ነጭ ወይም የኩላንት ቀለም ያለው መስመር ያሳብቃል።

ሁለተኛው ከባዱ ነው፦ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) መበላሸት ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። ይህን በጠዋት ይፈትሹት። ያደረ ሞተር ሳይነሳ የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ይጭመቁት፤ ልስልስ ማለት አለበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ። ጎማው ቀድሞ ጠጥሮ ካደረ፣ ወይም ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ውሃው ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከመጣ፣ የሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። የዘይት መሙያው ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካዩ ደግሞ ውሃና ዘይት ተቀላቅለዋል፤ መኪናውን አይንዱት።

አንድ ነገር አጥብቄ ላስጠንቅቅ። ጠዋት ሞቶሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ግጥም ብሎ ሞተሩን ማዞር ካቃተው ደግመው ደጋግመው አይሞክሩ። ሌሊት ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ሊሆን ይችላል። ውሃ ስለማይታመቅ ኮኔክቲንግ ሮዱን (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) ያጣምመዋል። ካንዴሊታዎቹ (ሲሊንደሩን ለማስነሳት የሚያሞቁት) ወጥተው ሞተሩ ይዙር፤ ውሃ ካለ ይተፋል።

ጥያቄ፦ ጌጁ ቀይ ነክቶ በድንገት ወደ ቀዝቃዛ ወረደ። ተሻለው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ወዲያው ያጥፉት። ሙቀቱን የሚያነበው ሴንሰር ውሃ ውስጥ መነከር አለበት። ውሃው ሲያልቅ ሴንሰሩ ባዶ ላይ ይቀርና መርፌው ይወርዳል፤ ቴስታታው ግን እየጋለ ነው።

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ ብቻ ብጠቀም ምን ይሆናል? ኩላንት ውድ ነው።

መልስ፦ ዝገትና ኖራ ይሆናል። በተለይ የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ቶሎ ይደፍናል። በከባድ መኪና ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው። ሊነሩ (ፒስተኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር ግድግዳ) በቀጥታ ውሃ የሚነካው ሞተር ላይ፣ በሊነሩ ንዝረት የሚፈጠሩ አረፋዎች ሲፈነዱ ብረቱን በመርፌ ቀዳዳ ያህል ይበሱታል። ያንን የሚከላከለው ኩላንቱ ውስጥ ያለው ቅመም ነው። ኩላንትና ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ እኩል ቀላቅለው ይጠቀሙ። ቀለም በማየት ብቻ የተለያዩ ዓይነቶችን አይቀላቅሉ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ ቢፈላብኝ ቶሎ ክዳኑን ከፍቼ ቀዝቃዛ ውሃ ልሙላ?

መልስ፦ በፍጹም። ደህና ክዳን ያለው ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በግፊት ስለተያዘ አዲስ አበባ ላይ እንኳ እስከ 110 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑን በከፈቱበት ቅጽበት መፍያው ወደ 92 ስለሚወርድ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊትዎ ላይ ይፈነዳል።

ጥግ ይዘው ይቁሙ። ቺንጋው ካልተበጠሰና ውሃው ካልፈሰሰ ሞተሩን በሚኒሞ (ቆሞ ሲሠራ ባለው ዝቅተኛ ዙር) ትንሽ ከፍ አድርገው ያቆዩት፣ የካቢን ማሞቂያውንም እስከ መጨረሻ ይክፈቱ፤ ሙቀት ያወጣል። ውሃው ካለቀ ወይም ቺንጋው ከሄደ ግን ወዲያው ያጥፉ። ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። የላይኛው ጎማ ሲጨመቅ ልስልስ ካለና እጅዎ ከቻለው፣ ክዳኑን በወፍራም ጨርቅ ይዘው እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ ያዙሩ፤ መተንፈሱን ሲጨርስ ይክፈቱት። ውሃውን ሞተሩን አስነስተው በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ።