«የኮኮናት ዘይት ያለበት» ወይስ «ከኮኮናት ዘይት የተሠራ»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ቤቴ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙናና የፀጉር ክሬም እየሠራሁ እሸጣለሁ። ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ በአማርኛ ላደርገው ነው። ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ የምጨምረውን ኢመልሲፋየር «አሟሚ» ልበለው ወይስ «አዋሃጅ»? አረፋ እንዲኖረው የምጨምርበትንስ ምን ልበለው? አቅራቢዬ «ሁለቱም ከኮኮናት ዘይት የመጡ ናቸው» ስላለኝ «ተፈጥሯዊ የአትክልት ዘይት ያለበት» ብዬ ጽፌያለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ በአማርኛ ለመጻፍ ማሰብዎ በጣም ደስ ብሎኛል። ሰው ፀጉሩን የሚቀባውን ነገር በሚገባው ቋንቋ ማንበብ አለበት።

ከቀላሉ ልጀምር። ለአረፋው አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ሳሙና አረፋ ያወጣል እንላለን፤ እንግዲያው «አረፋ አውጪ» ይበቃል።

ኢመልሲፋየር ግን ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋል። «አሟሚ» አይሆንም። ስኳር ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ዘይት አይሟሟም። ክሬሙ ውስጥ ያለው ዘይት በዓይን የማይታዩ ጠብታዎች ሆኖ ተበትኗል እንጂ አልሟሟም። «አዋሃጅ»ም ያሳስታል፤ «ውህድ» በኬሚስትሪ ትምህርት ቦታ የያዘ ቃል ነው። ውሃ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ውህድ ነው እንላለን። ዘይትና ውሃ ግን ክሬም ውስጥም ዘይትና ውሃ ናቸው። እስቲ ሁለቱን ጠርሙስ ውስጥ ከተው በደንብ ይምቷቸው። ትንሽ ቆይቶ ዘይቱ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገው እንደገና ቢመቱት ግን ወተት መስሎ ይቆያል። የሳሙናው ሞለኪውል አንዱ ጫፍ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ዘይት፤ መሀል ገብቶ ሁለቱንም ይይዛል። ስለዚህ እኔ «ዘይትና ውሃ አያያዥ» የሚለውን እመርጣለሁ። ለጊዜው «ኢመልሲፋየር» የሚለውንም አጠገቡ ይጻፉት፤ ቃሉን የለመደ ሰው አለ።

ዋናው ጉዳይ ግን «ያለበት» የምትለዋ ቃል ናት። ጨው ያለበት ወጥ ውስጥ ጨው አለ። «የኮኮናት ዘይት ያለበት» ሲባልም ገዢው ዘይቱ ራሱ ጠርሙሱ ውስጥ እንዳለ ነው የሚረዳው። አረፋ አውጪዎ ለምሳሌ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ከሆነ ይህ እውነት አይደለም። የኮኮናት ዘይት ግማሽ ያህሉ ላውሪክ የሚባል የቅባት አሲድ ነው። ፋብሪካው ይህን ወደ አልኮል ይለውጠዋል፤ ከሰልፈር ትራይኦክሳይድ ጋር ያገናኘዋል፤ በመጨረሻም በኮስቲክ ሶዳ ወደ ጨውነት ይቀይረዋል። እዚህ ሲደርስ ዘይት መሆኑ ቀርቷል። ፀጉር ያለሰልሳል ብላ የገዛች ሴት የምታገኘው ቅባትን ጠርጎ የሚያወጣ ነገር ነው።

ስለዚህ «ከኮኮናት ዘይት የተሠራ» ይበሉ። «የተገኘ» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልመክርም። «የተገኘ» ቀድሞም እዚያው ለነበረ ነገር ይስማማል። ሌሲቲን ከአኩሪ አተር ተገኘ ቢባል ያስኬዳል፤ ፍሬው ውስጥ ስላለ። ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ግን የትኛውም ኮኮናት ውስጥ የለም።

«አትክልት»ም እዚህ ቦታው አይደለም። ገበያ ሄደን አትክልት ስንል ጎመንና ካሮት ነው የምንገዛው። «የዕፅዋት ዘይት» ይሻላል። ከዚያም የሚሻለው የተክሉን ስም መጥራት ነው፦ ኮኮናት፣ ጉሎ፣ ፓልም።

«ተፈጥሯዊ»ን ደግሞ ባያስገቡት እመርጣለሁ። አንባቢ «አይጎዳም» ብሎ ነው የሚተረጉመው። እንዶድን ያስቡ። ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲታሽ አረፋ የሚያወጣው በውስጡ ባለው ሳፖኒን ነው፤ ከዚህ በላይ ተፈጥሯዊ ከየት ይመጣል? ዶክተር አክሊሉ ለማ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነው። ቀንድ አውጣ ለሚያስተላልፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ ምርምራቸው መነሻ የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ «አረፋ አውጪ፦ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት፣ ከኮኮናት ዘይት የተሠራ።» አያያዡንም በዚሁ መልክ ይጻፉት፤ ስሙን አቅራቢዎን ይጠይቁ። ዓለም አቀፍ ስሙን እንዳይተዉት አደራ። ቆዳዋን የሚቆጣባት ደንበኛ ጠርሙሱን አገላብጣ የምትፈልገው እሱን ነው።