ከማያሚ ቢሚኒ በሴስና፦ ጃኬት ወይስ ጀልባ?

ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን የሕይወት አድን ጃኬት አስቀድም። ባለ አንድ ሞተር በሆነችው ትንሽ አውሮፕላን በሴስና 172 ባሕሩን አቋርጠህ ወደ ባሃማሷ ደሴት ቢሚኒ ለመሻገር ብሩ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃኝ ካልክ፣ የሚነፋው ጀልባ ይቆይ። ጃኬቱ ግን ሳትነሳ ወገብህ ላይ ይታሰር፤ ከወንበር ኋላ ከተቀመጠ ሞተር ሲጠፋ አትደርስበትም።

ገመዱን ስበህ የምትነፋውን ዓይነት ግዛ። ውሃ ሲነካው በራሱ የሚነፋው ለመርከበኛ ነው፤ ካቢኑ ውስጥ ውሃ ሲገባ ተነፍቶ ጣሪያው ላይ ይለጥፍሃል። በ1996 እ.ኤ.አ. ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ቀድመው የነፉ ሰዎች መውጫ አጥተዋል።

ብር ከተረፈህ በ406 ሜጋኸርዝ የሚሠራ የአደጋ ምልክት አስተላላፊ ግዛና በስምህ አስመዝግብ። ኪስህ ውስጥ ይሁን። እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው፤ ውሃ ውስጥ ከገባ አውሮፕላን መውጣትን ገንዳ ውስጥ ስንለማመድ ቀበቶዬን ፈትቼ ስወጣ ቦርሳው ትዝም አላለኝ።