ጀልባው አለፈ፣ ሞገዱ ቀረ

ድሬ ላይ ተቀምጦ ስለ ጀልባ መጻፍ እንደሚያስቅ አውቃለሁ። እኛ ያለን ወንዝ ደቻቱ ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ሲመጣ ደግሞ ጀልባ የሚያስመኝ አመጣጥ አይመጣም። ግን ከሁለት ሳምንት በፊት እዚሁ ዓምድ ላይ፣ ወጣት ሳለሁ ሐዋሳ ላይ የሞተር ጀልባ እነዳ እንደነበር እግረ መንገዴን ብጽፍ ደብዳቤው ጎረፈ። ለካ የድሬና የሐረር ሰው በበዓልና በሠርግ ሰበብ ሐዋሳም ላንጋኖም ቢሾፍቱም ይወርዳል። ወርዶም በሰው ጀልባ ሞገድ ተበሳጭቶ ይመለሳል። ለጥቂቶቹ ዛሬ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። አንዱ ስድስት ገጽ ነበር፤ አራቱ ገጽ ስለ አማቹ ነው።

ከሳቢያን፦ ጀልባ የሚያስነሣው «ሞገድ» ነው ወይስ «ማዕበል»?

ሞገድ። ማዕበል ነፋስ ሲቆጣ ነው። ጀልባህ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን በፈለግኸው ስም ጥራው።

ከከዚራ አንዲት እናት፦ ከልጆቿ ጋር ሐዋሳ በመቅዘፊያ ጀልባ ወጥተዋል። ሞተር ጀልባ በአጠገባቸው ሽው ብሎ አለፈ። ጀልባቸው ተንገዳገደ፣ ልጆቹ ደንግጠው ብድግ አሉ፣ ቀዛፊው «አይዟችሁ፣ ያልፋል» አለ። ምን ማድረግ ነበረብን ትላለች።

ማለፉስ ያልፋል። ጥያቄው እናንተ ላይ እንዴት ሆኖ ነው የሚያልፈው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ማንም አይነሣም። ትንሽ ጀልባን የሚገለብጠው ብዙ ጊዜ ሞገዱ ብቻውን አይደለም፤ ሞገዱ ሲመጣ ብድግ ያለው ሰው ነው። ልጆቹን መሃል ላይ፣ ከወለሉ ላይ አስቀምጫቸው። እጅ ከጀልባው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይግባ።

ቀጥሎ ያለው የቀዛፊው ሥራ ነው። ለሞገድ ጎን አይሰጥም። አፍንጫው ወደ ሞገዱ መዞር አለበት፣ ግን ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ሰያፍ ሆኖ። ፊት ለፊት ከገጠመው ትንሹ ጀልባ አፍንጫውን ይነክርና ውሃ ይዝቃል። ሰያፍ ከሆነ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይረሳል።

ሦስተኛው ነገር ሰው የሚዘነጋው ነው። የጀልባ ሞገድ አንድ ሆኖ አይመጣም። ተከታትሎ ነው የሚመጣው፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛውም ከመጀመሪያው ሊበልጥ ይችላል። ልጆቹ «አለፈ!» ብለው የሚነሡት ደግሞ ልክ ከመጀመሪያው በኋላ ነው።

ላይፍ ጃኬቱንስ? «ሙቀት ነው ብለን መቀመጫው ሥር አደረግነው» ብለሻል። እህቴ፣ የድሬ ሰው ሐዋሳ ላይ ሙቀት አለ ሲል ሌላ ሰው እንዳይሰማን። ከዳር ሳትነሡ ይታሰራል። ለሁላችሁም የሚበቃ ከሌላቸው አትሳፈሩ፤ በገንዘቡ አሞራ ገደል ሄዳችሁ ዓሣ ብሉበት።

የሐረር ልጅ ነኝ የሚል፣ ቢሾፍቱ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ወጣት፦ ሰው እንዳልረብሽ ብዬ ፍጥነቴን ግማሽ አደርጋለሁ፣ እነሱ ግን አሁንም ይሰድቡኛል።

ልክ ናቸው። ስድቡን አልደግፍም፣ ግን ልክ ናቸው።

ጀልባ ቀስ ሲል ውሃው ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል፣ የሚገፋውም ውሃ ትንሽ ነው። ሙሉ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ብድግ ብሎ በውሃው ፊት ላይ ይንሸራተታል። መካከሉ ላይ ግን አፍንጫው ሽቅብ ይወጣል፣ ኋላው ይሰምጣል፣ የውሃ ኮረብታ እየገፋ ይሄዳል። ትልቁ ሞገድ የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። አንተ «ግማሽ» የምትለው ፍጥነት በትክክል ያ ነው። ምልክቱ ቀላል ነው። አፍንጫው ፊትህን ጋርዶብህ አንገትህን እየሰገግህ የምትነዳ ከሆነ መጥፎው ቦታ ላይ ነህ።

ስለዚህ ሰው አጠገብ ስትደርስ ሙሉ በሙሉ ቀንስ። አፍንጫው ወርዶ ጀልባው እስኪስተካከል ድረስ፣ ፈጠን ብሎ በእግሩ በሚሄድ ሰው ልክ። የምትቀንሰውም ቀደም ብለህ ይሁን። አጠገባቸው ደርሰህ ነዳጁን በድንገት ብትቆርጠው የራስህ ሞገድ ከኋላ ደርሶብህ በጀርባ ይገባልሃል። ተሳፋሪው ሁሉ ኋላ ከታጨቀም ኋላው የባሰ ይሰምጣል፣ ስለዚህ ሰዉን አመጣጥነህ አስቀምጥ።

ውጭ አገር ሆን ብለው ይህን የሚያደርጉ ጀልባዎች አሉ። ሆዳቸው ውስጥ ውሃ ጭነው ኋላቸውን ያሰምጣሉ፣ ከኋላ በጣውላ የሚንሳፈፍ ሰው ትልቅ ሞገድ እንዲያገኝ። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት እንዲህ ዓይነት ጀልባ ከዳር ከ150 ሜትር በላይ መራቅ እንዳለበት መክረዋል። እኛ አገር ኋላውን የምናሰምጠው በውሃ ሳይሆን በሰው ነው። ስምንት ሰው የሚይዘው ላይ አሥራ ሁለት።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ሐዋሳ ላይ በሠራሁበት የመጀመሪያ ዓመት ቱሪስት ጭኜ፣ ጉማሬ ላሳይ እየተቻኮልኩ፣ በአንድ ዓሣ አጥማጅ አጠገብ አለፍኩ። ግማሽ ፍጥነት ላይ ነበርኩ፣ ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ። ጀልባው ውሃ ሞልቶ መረቡ ተጠላልፎበት እንደነበር የሰማሁት ማታ፣ ዓሣ ገበያው ላይ፣ ከራሱ አፍ ነው። አልጮኸብኝም። «ጀርባህን ነው ያየሁት» አለኝ። ነጂ ፊቱን ነው የሚያየው፤ የሠራው ሥራ ደግሞ ኋላው ነው ያለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ባለፍኩ ቁጥር ዞር ብዬ አያለሁ። አንገቴ የተጣመመው ከዚያ ነው እያልኩ ልጆቼን አታልላለሁ።

ሞተሩ በዝግታ ሲሄድ ይጠፋብኛል ላልከው መካኒክ ጠይቅ።

ከለገሀሬ፦ ሞገድ ስልኬን አርጥቦብኝ ሩዝ ውስጥ ከተትኩት። ይድናል?

ሩዙ አይረዳም። አጥፋው፣ አየር ላይ አድርቀው፣ ቻርጀር አታስነካው፣ ሩዙን ቀቅለው።

ከሐረር አንዲት ልጅ፦ እናቷ 61 ዓመታቸው ነው። ላንጋኖ ላይ በፈጣን ጀልባ ከፊት ተቀምጠው ሲሄዱ የሌላ ጀልባ ሞገድ መታቸው። ብድግ ብለው መቀመጫው ላይ ተፈጠፈጡ። ሁለት ሳምንት ሆነ፣ ወገባቸው አልተሻላቸውም። ጎረቤት ወጌሻ ይሻላል ትላለች።

እዚህ ላይ አልቀልድም። ሐኪም ቤት ውሰጂያቸው። ደግሞ ነገ እንጂ «ከበዓል በኋላ» አይደለም።

ጀልባ ሞገድ ላይ ዘሎ ሲወርድ ከሁሉ የሚመታው ከፊት የተቀመጠውን ነው። በዚያ ዕድሜ፣ በተለይ ለሴት፣ አጥንት ሊሳሳ ይችላል። ቁጭ እንዳሉ በመፈጥፈጥ ብቻ የአከርካሪ አጥንት ሊጨፈለቅ ይችላል። ከውጭ አይታይም፣ አያብጥም። ሰውዬው ይራመዳል፣ ወጥ ይሠራል፣ ያቃስታል። ራጅ ነው የሚለየው። ወጌሻን አልንቅም፣ የራሴን ቁርጭምጭሚት ያቀኑልኝ ወጌሻ ናቸው። ግን የተሰበረ አከርካሪ ላይ ማሸት ሌላ ነገር ነው። ራጅ ሳይነሡ ማንም ጀርባቸውን እንዳይነካ። እግራቸው ከደነዘዘ ወይም ከከዳቸው፣ ሽንት እምቢ ካላቸው ወይም ካመለጣቸው ማታም ቢሆን ተነሥታችሁ ሂዱ። ሕይወት ፋና ሆስፒታል ለእናንተ ቅርብ ነው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ለሌሎቻችሁም፦ ፈጣን ጀልባ ላይ አዛውንትና ነፍሰ ጡር ከኋላ ይቀመጡ።

ከሐረማያ፦ እኔና ጓደኞቼ ተደራጅተን ሐይቁ ላይ ሰው እናንሸራሽራለን። አንዱ ጀልባችን ሞተር አለው። ዳር ላይ ማሳ ያላቸው አንድ አባት «ሞገዳችሁ መሬቴን እየበላ ነው» ይሉናል። እኛ ዝናብ ነው የሸረሸረው እንላለን። ማን ልክ ነው?

ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ሐረማያ ሲሆን አፌ አይገጠምም፣ ታገሡኝ።

ልጅ ሆኜ ከድሬ ወደ ሐረር ስንወጣ ደንገጎን አልፈን፣ አደሌን አልፈን፣ ሐይቁ በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ይል ነበር። ያኔ አለማያ ነው የምንለው። ተኝቶ የነበረ ሁሉ ይነቃ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ጠፋ። እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጬ ከብት ሲግጥበት አይቻለሁ። ሐረር ከዚያ ሐይቅ ነበር የምትጠጣው፤ ከዚያ ወዲህ ውሃዋ ከድሬ ዳዋ በኩል ሽቅብ እየተገፋ ነው የሚወጣላት። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ለጫትና ለአትክልት ቀን ከሌት የሚስበው ሞተር አለ። የከተሞቹ ጥም አለ። ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው ደለል አለ። ደለሉን ያዙልኝ።

አሁን ውሃው ተመልሷል። ሰው ፎቶ ይነሣበታል፣ እናንተም እንጀራ ታገኙበታላችሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን ይህ ከሞት የተመለሰ ሐይቅ ነው። ትንሽ ነው፣ ጥልቀትም የለውም። ትንሽ ሐይቅ ላይ ነፋስ የሚሮጥበት ሜዳ የለውም፣ ስለዚህ ትልቅ ሞገድ አያስነሣም። ዳሩም የለመደው ትንሽ ሞገድ ነው። ጣና ላይ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ የሚያስነሣውን የለመደ ዳር የእናንተ ሞተር ቢጨመርበት ላይሰማው ይችላል። ሐረማያ ላይ ግን የእናንተ ሞገድ ዳሩ ከለመደው ሊበልጥ ይችላል። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ደግሞ አራት እጥፍ ነው።

ማን ልክ ነው ላልከው፣ ከአባትየው ጋር አብራችሁ ሄዳችሁ ዳሩን እዩት። ዝናብ የሚቦረቡረው ከላይ ወደ ታች ነው፣ ቦይ ቦይ አድርጎ። ሞገድ የሚበላው ከሥር ነው። ውሃው ልክ ላይ ገባ ያለ ዋሻ ካለ፣ ከላይ አፈሩ እንደ ታዛ ወጥቶ የሣር ሥር ከተንጠለጠለ፣ እሳቸው ናቸው ልክ። እኔ ከዚህ ሆኜ ብወራረድ በእሳቸው ነው የምወራረደው።

ሌላም ፈተና አለ። ሁለት ሃይላንድ ውሰዱ። በአንዱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ፣ በሌላው ጀልባው ዳር ዳሩን ከዞረ በኋላ ውሃ ቅዱ። ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የትኛው እንደደፈረሰ እዩ። ውሃው ሁለትና ሦስት ሜትር ብቻ ከሆነ ፕሮፔለሩ ታች ያለውን ጭቃ ይቀሰቅሰዋል። ጭቃው ውስጥ ከማሳ የታጠበ የማዳበሪያ ቅሪት አለ፤ ሲቀሰቀስ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገውን አልጌ ይቀልበዋል። ተንዶ የሚገባው የዳር አፈርስ ምን ይሆናል? ያዙልኝ ያልኳችሁ ደለል ማለት እሱ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሞተሩን ጣሉት አልልም፣ ለአደጋ ጊዜም ያስፈልጋል። ቢጫ ጄሪካን በገመድና በድንጋይ እያሰራችሁ ከዳር 60 ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ደርድሩ። ከጄሪካኑ ወዲህ መቅዘፊያ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሞተር ይሂድ፣ በዝግታና በቀጥታ። አንድ ቦታ ላይ ክብ እየሠራችሁ አትዙሩ፤ ሞገዱ ከሞገድ ጋር እየተገናኘ ያብጣል። ልጆች የሚወዱት እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ወርያ፣ ልጆች ብዙ ነገር ይወዳሉ።

ዳር ያለውን ሣርና ደንገል «ለውበት» ብላችሁ እንዳትመነጥሩት። ሞገዱን የሚሰብርላችሁ እሱ ነው። ወፍም ይፈለፍልበታል፤ ውሃው ልክ ላይ የተሠራን ጎጆ አንድ ሞገድ ይበቃዋል።

ከዚያ አባትየው ቤት ሂዱ፣ ሆጃ ጠጡ፣ ጄሪካኑ የት የት ይቁም የሚለውን እሳቸው ያመልክቱ። መሬቱ የሳቸው ነው። በመጨረሻም ጎረቤታችሁ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የአፈርና የውሃ ባለሙያ ሞልቶታል። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምጽፈው። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ጸሐፊ ዳሩን አላየውም፣ እነሱ በእግራቸው መጥተው ያዩታል። ሄዳችሁ በሩን አንኳኩ።

ከአዲስ ከተማ፦ አጎቴ ሐይቅ ዳር ሎጅ አለው። ሞገዱ እንዳይሸረሽርበት ቀጥ ያለ የሲሚንቶ ግንብ ሊሠራ ነው።

ቀጥ ያለ ግንብ ሞገዱን አይውጠውም፣ መልሶ ይወረውረዋል። የሚመለሰው ከሚመጣው ጋር ይጋጫል፣ መዋኛው ይናጣል፣ የግንቡም እግር ከሥር ይቦረቦራል። ተዳፋት አድርጎ ትልልቅ ድንጋይ ያለ ሲሚንቶ ቢደረድርና በመሃሉ ተክል ቢያበቅል ይሻለዋል። መሐንዲስ ይጠየቅ፣ እንደተለመደው።

ከመጋላ፦ ጀማዓችን ቢሾፍቱ ሊሄድ ነው። ጀልባ ላይ መቃም ይቻላል?

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው እንደላከው ብናገር ሌላ ከተማ ያለ አንባቢ አያምነኝም። ተሳፋሪው ቢቅም የእናንተና የባለ ጀልባው ጉዳይ ነው። ነጂው ግን አይቅምም። የመረቀነ ሰው ፍጥነቱ አይታወቀውም፣ ሐይቁም ሁሉ የሱ ይመስለዋል። ገረባውን ውሃ ውስጥ አትጣሉ፣ ፌስታል ያዙ። ቴርሞሱን በሁለት ሰው እግር መሃል አጥብቃችሁ አስቀምጡት፣ ክዳኑም ይጠበቅ። ሞገድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገለበጠው እሱ ነው፣ ሻይ ደግሞ ከሐይቅ ውሃ በላይ ያቃጥላል።