ለጥቂት ተማሪዎች ሲባል ክፍል የማይከፈትላቸውን ትምህርቶች በኦንላይን ስለመስጠት

ጥያቄውን ያቀረቡልን ምክትል ርዕሰ መምህርት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታቸው አነስተኛ በመሆኑ ኢኮኖሚክስ፣ ከፍተኛ ሒሳብና አንድ ተጨማሪ የውጭ ቋንቋ መማር የሚፈልጉ ተማሪዎች ቢኖሩም፣ የተመዝጋቢው ቁጥር ክፍል ለመክፈትም ሆነ መምህር ለመቅጠር እንደማይበቃ ገልጸዋል። እነዚህን ትምህርቶች በኦንላይን መስጠት ያዋጣ እንደሆነ፣ ከምን መጀመር እንደሚገባና ለተማሪዎቹ ታብሌት መግዛት ያስፈልግ እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ ሒሳብ እያስተማርኩ የትምህርት ቤታችንን የኦንላይን ትምህርቶች አስተባባሪነት ደርቤ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ በዚያ ካየሁት ተነስቼ እመልሳለሁ።

በእኔ እምነት ያዋጣል፤ የሚያዋጣው ግን ትምህርት ቤቱ ትምህርቱን ከውጭ ቢያስመጣም ተማሪውን በራሱ እጅ ሲያቆይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየው የዚህ ተቃራኒ ነው። ስምምነት ይፈረማል፣ ለተማሪዎቹ የይለፍ ቃል ይታደላል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ፈተና ሳምንት ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ውጤቱ ሲበላሽም በኢንተርኔቱ ወይም በልጆቹ ስንፍና ይሳበባል።

ሐሳቡ በራሱ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ኒውዚላንድ ራቅ ባሉ አካባቢዎች ለሚኖሩ ልጆች በደብዳቤ የሚያስተምር ትምህርት ቤት የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1922 ሲሆን፣ በአውስትራሊያም ከ1951 ጀምሮ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ትምህርት በሬዲዮ ይሰጥ ነበር። ከእርስዎ ችግር ጋር ይበልጥ የሚቀራረበው ግን በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ተጠንስሶ እ.ኤ.አ. በ1997 ማስተማር የጀመረው የቨርቹዋል ሃይ ስኩል ኅብረት አሠራር ነው። በዚህ አሠራር አባል የሆነ ትምህርት ቤት ከመምህራኑ አንዱን አንድ ትምህርት በኦንላይን እንዲያስተምር ይመድብ፣ በምትኩም ተማሪዎቹን የሌሎች አባል ትምህርት ቤቶች መምህራን በሚሰጧቸው ትምህርቶች ያስመዘግብ ነበር። ለአነስተኛ ትምህርት ቤት ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን መንገድ ነው። የራሱ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ቁጥር ክፍል ስለማይሞላለት የሠለጠነበትን ትቶ ሌላ የሚያስተምር መምህር በየቦታው አይጠፋም፤ ሦስት አራት ትምህርት ቤቶች ከተስማሙ ወጪው በዋናነት ከመምህራን የሥራ ጫና ላይ የሚቀነሱ ክፍለ ጊዜያት ይሆናል።

አጋር ትምህርት ቤት ካልተገኘና ከአቅራቢ ድርጅት መግዛት የግድ ከሆነ፣ አስቀድመው መጠየቅ ያለብዎት ከተመዘገቡት ተማሪዎች ምን ያህሉ እንደሚያጠናቅቁ ነው። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት የመንግሥት የኦንላይን ትምህርት ቤት የሆነው ፍሎሪዳ ቨርቹዋል ስኩል በጀቱን የሚያገኘው ትምህርቱን በተሳካ ሁኔታ ባጠናቀቁ ተማሪዎች ቁጥር ልክ ነው፤ የተመዘገበ ሁሉ ገንዘብ አያስገኝለትም። እርስዎ ያን ያህል የመደራደር አቅም ባይኖርዎትም፣ ክፍያው ቢያንስ በሁለት ተከፍሎ ሁለተኛው ተማሪው ትምህርቱን ሲጨርስ እንዲፈጸም መጠየቅ ይችላሉ። ይህን ጥያቄ ሰምቶ ፊቱን የሚያጠቁር አቅራቢ ከወዲሁ ማንነቱን ነግሮዎታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የአሜሪካዋ ሚሺጋን ግዛት ተማሪዎች በየትምህርት ወቅቱ እስከ ሁለት የኦንላይን ትምህርቶች መውሰድ እንዲችሉ ስትፈቅድ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ትምህርት ቤት የሚከታተለው ሰው እንዲመደብለት አስገድዳለች። እኛ ይህን ሰው ተጠሪ መምህር እንለዋለን። ተጠሪው የትምህርት ዓይነቱን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ የታሪክ መምህር ሆኖ የከፍተኛ ሒሳብ ተማሪዎችን በሚገባ የያዘ ባልደረባ ነበረኝ። የሚጠበቅበት ተማሪዎቹን በአካል ማግኘት፣ ሥራቸውን በየሳምንቱ ማየትና ከውጭው መምህር ጋር መጻጻፍ ነው። ይህም በሥራ ጫናው ውስጥ ተቆጥሮ ክፍለ ጊዜ ሊያዝለት ይገባል። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ተጠሪ የፈተና ወረቀት እርማት ሲደራረብበት መጀመሪያ የሚተወው ይህንኑ ሥራ ነው፤ አይፈረድበትምም።

ተጠሪው ምን ማየት እንዳለበት አንድ ነገር ላንሳ። የትምህርቱ ገጽ ተማሪው ስንት ጊዜ እንደገባና ስንት ሰዓት እንደቆየ በአረንጓዴ ምልክት ያሳያል፤ ይህን ምልክት አምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። ኢኮኖሚክስ የምትከታተል አንዲት ተማሪያችን በገጹ ላይ ከሁሉ ረጅም ሰዓት የተመዘገበላት ሆና ሳለ፣ ደብተሯን እንድታሳየኝ ስጠይቃት ማስታወሻዋ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቆሞ ነበር። ዋጋ ሲለወጥ ፍላጎት በምን ያህል እንደሚለወጥ የሚሰላበት ክፍል ላይ ተቸግራ ያንኑ ቪዲዮ ደጋግማ ትከፍታለች፣ በዓይኗ አይታው የማታውቀውን መምህር መጠየቅ ግን አፍራለች። ለመምህሩ ልትልክ ያሰበችው መልእክት «አልገባኝም» የሚል ብቻ ነበር። አብረን ተቀምጠን የጥያቄውን ቁጥር፣ እስከ የት እንደሠራችና የትኛው መስመር ላይ ከመልሱ እንደተለያየች እንድትጽፍ አደረግኩ፤ መልስ በማግስቱ መጣላት፤ ስህተቷ መቶኛውን በመነሻው ዋጋ ሳይሆን በአዲሱ ዋጋ ላይ ማስላቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄ አጻጻፍን በመጀመሪያው ሳምንት ለሁሉም እናስተምራለን፣ ክትትላችንም በገባና ባልገባ ሳይሆን በቀረበና ባልቀረበ ሥራ ላይ ሆኗል። አንድ ሥራ በቀኑ ካልቀረበ ተጠሪው ተማሪውን በዚያው ሳምንት ያነጋግራል፤ ወደ ሦስት ከደረሰ ግን መመለስ በጣም ይከብዳል።

ሁለተኛው የማልደራደርበት ነገር የክፍለ ጊዜ ድልድል ነው። የኦንላይን ትምህርት እንደማንኛውም ትምህርት በድልድሉ ላይ ስሙ፣ ክፍሉና ሰዓቱ ተጽፎ መቀመጥ አለበት። «በትርፍ ሰዓታቸው ይከታተሉት» ከተባለ ትርፍ ሰዓት የተባለው በሌሎች መምህራን የቤት ሥራና በማካካሻ ትምህርት ይዋጣል። በሌላ በኩል፣ በቀጥታ የሚሰጥ ትምህርት የሁለት ትምህርት ቤቶችን ደወልና የፈተና ሳምንት ማጣጣም ስለሚጠይቅ፣ ዓመቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱን የትምህርት ካላንደሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል። በስኮትላንድ ምዕራባዊ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው ኢ-ስጎል መምህሩ በሌላ ቦታ ሆኖ በቀጥታ የሚያስተምርበት ነው፤ ለቋንቋ ይህን ዓይነቱን እመርጣለሁ፣ የሚሰማና የሚያርም ሰው ሳይኖር አፍ አይፈታምና። ከፍተኛ ሒሳብ ግን ተማሪው በራሱ ፍጥነት ሊከታተለው ይችላል፣ በሳምንት አንድ ጊዜ መምህሩን በቀጥታ የሚያገኝበት ሰዓት ካለው። ቤተ ሙከራ የሚፈልጉትን ፊዚክስና ኬሚስትሪ በመጀመሪያው ዓመት ባትነኳቸው ይሻላል፤ በስክሪን ላይ የሚታይ ሙከራ ጽንሰ ሐሳቡን ቢያስረዳም እጅን አያለማምድም።

ተማሪ መረጣ ላይ ሁለት ዝንባሌዎች አሉ፤ አንዱ ከክፍሉ አንደኛ የሚወጡትን ብቻ መላክ፣ ሌላው በክፍል ያስቸገሩትን ወደ ኮምፒውተር ክፍል ማሻገር ነው። እኔ ከውጤትም ከኮምፒውተር ችሎታም ይልቅ የማየው ተማሪው አንድ ገጽ ጽሑፍ ያለ ረዳት አንብቦ ምን እንደሚጠየቅ ለይቶ መናገር መቻሉን ነው። አብዛኛው የኦንላይን ትምህርት፣ ቪዲዮ ቢበዛበትም፣ የሚሠራው በንባብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መሞከሪያ ሆነው፣ ያልተመቸው ተማሪ ያለ ቅጣት ወደ ሌላ ትምህርት የሚዛወርበት ቀን አስቀድሞ ይወሰን።

ከምን ልጀምር ላሉት፣ ከአቅራቢም ከመሣሪያም በፊት ፈተናውን ከሚያወጣውና የትምህርት ማስረጃውን ከሚያጸድቀው አካል ጋር ይነጋገሩ። በኦንላይን የተገኘው ነጥብ በትራንስክሪፕቱ ላይ እንደ ማንኛውም ትምህርት ይመዘገባል ወይ? ተማሪው በዚህ ትምህርት ብሔራዊ ፈተና መቀመጥ ይችላል ወይ? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ቀጥሎ ነጥቡ እንዴት ወደ ሮስተር እንደሚገባ ከውጭው መምህር ጋር ይስማሙ፤ አንዱ በፊደል ሌላው ከመቶ ሲመዝን፣ ሮስተር በሚዘጋበት ሳምንት የሚነሳው ጭቅጭቅ ቀላል አይደለም። የማጠቃለያ ፈተናው በትምህርት ቤታችሁ፣ በተጠሪው ፊት፣ የሚቻል ከሆነም በወረቀት ይሰጥ። ይህ ኩረጃን ከመከላከሉ በላይ በኦንላይን የተገኘ ነጥብ የሚጠራጠሩትን መምህራን አፍ ያስይዛል።

መምህራን «ነገ በእኛ ቦታ ይህ ሊተካ ነው» ብለው መስጋታቸው አይቀርም። የሚመረጡት በትምህርት ቤቱ መምህር የሌላቸው ትምህርቶች ብቻ እንደሆኑ በመምህራን ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር፤ ቃል ብቻውን አያረጋጋቸውም።

ታብሌቱን በተመለከተ፣ በመጀመሪያው ዓመት አይግዙ። ያለው የኮምፒውተር ክፍል በተመደበው ክፍለ ጊዜ በእርግጠኝነት ክፍት ከሆነ ለጥቂት ተማሪዎች ይበቃል። ገንዘቡ ማይክሮፎን ላላቸው የጆሮ ማዳመጫዎችና ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሚከፈቱ ቪዲዮዎችን ማታ አውርዶ ለሚያስቀምጥ አንድ ኮምፒውተር ይዋል። ለከፍተኛ ሒሳብ ደግሞ ተማሪዎቹ ስሌታቸውን በወረቀት ሠርተው ፎቶ አንስተው የሚልኩበት አንድ ካሜራ ያለው ስልክ በተጠሪው እጅ ይኑር፤ ቀመርን በኪቦርድ መጻፍ ለጀማሪ ከሒሳቡ የከበደ ሥራ ነው።