የሕፃኗን ተለዋዋጭ ገጽታ እንዴት ላንሣው?

ጥያቄ፦ የሰባት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ባለፈው እሑድ ከእናቴ፣ ከእኅቶቼና ከልጆቻቸው ጋር ቢሾፍቱ፣ ሆራ ሐይቅ ዳር ውለን ነበር። ልጄ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ትስቃለች፣ ትደነቃለች፣ ትኮሳተራለች፤ በስልኬ ካነሣኋቸው ፎቶዎች ግን አብዛኞቹ ብዥ ያሉ ናቸው፤ በቀሩትም ላይ ወይ ታለቅሳለች ወይ ፊቷን አዙራለች። ካሜራ መግዛት ይኖርብኛል?
እናት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካሜራ አይግዙ፤ በእጅዎ ያለው ስልክ ይበቃል። መታየት ያለበት ስልኩን የት እንደሚይዙት ነው። ሰባት ወር ገደማ ሕፃናት የለመዱትን ሰው ካልለመዱት ለይተው እንግዳውን ፊት የሚነሱበት ዕድሜ ስለሆነ፣ አክስቶቿ ከበው «ሳቂ! ሳቂ!» ሲሏት ልጅዎ የምትፈልገው የእርስዎን ፊት ነው፤ እርስዎ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ፊትዎን በስልኩ ጋርደውታል።

ይህን አቅልለው እንዳያዩት እለምንዎታለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባካሄደው የታወቀ ሙከራ፣ ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ የነበሩ እናቶች ድንገት ዝም ብለው ፊታቸውን ምንም ስሜት እንዳያሳይ ሲያደርጉት፣ ሕፃናቱ በፈገግታና በድምፅ እናታቸውን ወደ ጨዋታው ለመመለስ ይሞክሩ፣ አልሆን ሲላቸውም ፊታቸውን ያዞሩና ይከፋቸው ነበር። ስክሪኑ ላይ አፍጥጣ ጥሩዋን ቅጽበት የምትጠብቅ እናትም ሳታስበው ለልጇ የምታሳየው ከዚህ የማይርቅ ፊት ይመስለኛል። ስለዚህ ስልኩን ከፊትዎ ዝቅ አድርገው በልጅዎ ዐይን ትክክል ይያዙት፤ እርስዋን እያዩ፣ እያወሩላት ይጫኑ። ከዚህም የሚሻለው እርስዎ ሲያጫውቷት ከእኅቶችዎ አንዷ ከትከሻዎ ጎን ሆና ብታነሣ ነው።

ብዥታው የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ ስልኩ ምስሉን ለመቅረጽ ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሕፃኗ ደግሞ በዚያ መካከል ስለምትንቀሳቀስ ነው። ለሚንፈራገጥ ልጅ ስልኩ ምስሉን ቢያንስ በ1/250 ሰከንድ፣ ቢቻል በ1/500 መቅረጽ አለበት። ይህን ፍጥነት ለማግኘት ግን ፀሐይ ላይ አያውጧት፤ በእኛ አገር ከረፋዱ አምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትሆን የዐይኗን ጎድጓዳ በጥላ ትሞላዋለች፣ ልጅዎም ብርሃኑን ሽሽት ፊቷን ታጨማድዳለች፤ ያነሡት ኩርፊያ ምናልባት ይኸው ሊሆን ይችላል። ከዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፊቷ ወደ ገላጣው ሰማይ እንዲዞር አድርገው ያስቀምጧት፤ ከፊት ለፊቷ ነጭ ነጠላ ቢያነጥፉ ብርሃኑን ከሥር ወደ ጉንጯ ይመልስላታል። ፍላሽ አያስፈልግም። ከሁሉ አስቀድሞ ጠብታና የጣት አሻራ እንዳይኖርበት የስልኩን ካሜራ መነጽር (ሌንስ) በለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት።

ገጽታዋ ከጣትዎ ስለሚፈጥን በተከታታይ ያንሡ። በአይፎን የማንሻውን ቁልፍ ወደ ግራ ስቦ መያዝ በአንድ ጊዜ ብዙ ፎቶ ያነሣል፤ ላይቭ ፎቶ የሚባለው ደግሞ ቁልፉን ከመጫንዎ በፊትና በኋላ ያለውን አንድ ሰከንድ ተኩል ስለሚቀርጽ፣ ያመለጠዎትን ፈገግታ ቤት ገብተው ከውስጡ መምረጥ ይችላሉ። በርካታ የአንድሮይድ ስልኮችም ተመሳሳይ አሠራር አላቸው። ጊዜውን በተመለከተ፣ ጡት ጠብታና ተኝታ ከተነሣች በኋላ ያለውን ይጠቀሙበት።

ለቅሶዋንም አይፍሩት። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አንድ ሁለት ያንሡና ወዲያው ስልኩን አስቀምጠው ይቀፏት፤ የምታለቅስ ልጅ ለፎቶ ሲባል መቆየት የለባትም። ማታ ሲመርጡም ሣቋን ብቻ አስቀርተው ሌላውን አያጥፉ፤ ከመኮሳተሯ እስከ ሣቋ ያሉትን አራት አምስት ፎቶዎች በቅደም ተከተላቸው ፎቶ ቤት ወስደው ጎን ለጎን ያሳትሙ፣ አንዱን ቅጂ ለእናትዎ ይስጡ።