ልጄን ስንት ሰዓት ልጠብቃት?

ጥያቄ፦ ልጄ ከአምስት ዓመት በኋላ ከዋሽንግተን ልትመጣ ነው። ትኬቷን በቴሌግራም ላከችልኝ። ጁላይ 18 በ11:00 ተነሥታ ጁላይ 19 በ07:00 አዲስ አበባ ትገባለች ይላል። ስቆጥረው 20 ሰዓት መጣብኝ፤ እሷ ግን «13 ሰዓት ነው እማዬ» ትለኛለች። ስትሄድ ደግሞ ከዚያ በላይ ፈጅቶባት ነበር። የቱ ነው ልኩ? ከቀኑ 7 ሰዓት ቦሌ ብደርስ እደርስባታለሁ? (አንዲት እናት፣ ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት እናቴ! ብቻ በ7 ሰዓት እንዳይሄዱ። ትኬት ላይ 07:00 ማለት በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ 11:00ም ከጠዋቱ 5 ሰዓት። እኔ ይህንኑ ተሳስቼ አክስቴን ስድስት ሰዓት ሙሉ አስጠብቄያታለሁ። ስደርስ ነጠላዋን ተከናንባ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ ጁላይ 19 ሐምሌ 12 ነው።

ስለ ርዝመቱ ልጅዎ ልክ ናት። ትኬት ላይ መነሻው በመነሻው አገር ሰዓት፣ መድረሻውም በመድረሻው አገር ሰዓት ነው የሚጻፈው። በሐምሌ ከዋሽንግተን በ7 ሰዓት እንቀድማለን (እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ በታኅሣሥና በጥር 8 ይሆናል)። ስለዚህ እሷ እዚያ ጠዋት 5 ሰዓት ስትነሣ ፍኖተ ሰላም ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ይቁጠሩ፤ 13 ይመጣል።

ሲሄዱ ለምን ይረዝማል? ርቀቱ ያው ነው፣ ከ11,500 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ግን የዓባይን በረሃ ያውቁት የለ? ከደጀን አፋፍ ላይ ሆነው የጎሐ ጽዮን ማዶ ቅርብ ይመስላል፤ ሰዓቱን የሚበላው ቁልቁለቱና ዳገቱ ነው። የአውሮፕላን ዳገቱ ነፋስ ነው። ከፍ ብሎ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፣ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ሌላው ቦሌ ራሱ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ሰውና ሻንጣ ጭኖ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል፤ ደብሊን ያርፍ የነበረበት ጊዜ አለ። የዋሽንግተኑ ደለስ ግን 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፣ ከዚያ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ይመጣል።

እርስዎ ሐምሌ 11 በማለዳ ተነሥተው አዲስ አበባ ይደሩ። በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ቢገኙ ይበቃል፤ ፓስፖርትና ሻንጣ ስላለ ወዲያው አትወጣም። ስትሳፈር ደግሞ አንድ መልእክት እንድትልክልዎ ይንገሯት፣ በረራው ከዘገየ ያውቃሉ።